አርባ ሦስት ደብዳቤ ወደ ኮሶዬ

ወለተሩፋኤል ወልደ ዮሐንስ ጎንደር ከተማ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ልጆችን የእጅ ጽሕፈት የምታስተምር ሴት ነበረች። ሌላ ማዕረግ አልነበራትም። ጦር አልመራችም፣ አገር አላቀናችም፣ ስሟ በአዋጅ አልተነገረም። ሆኖም በእጇ ያለፈ ልጅ ሽበት ካወጣ በኋላ እንኳ ፊርማውን ሲያኖር ይታወቃል፤ የብዕር አያያዙን ያየ ሰው «ይኼስ የእትዬ ወለተሩፋኤል ነው» ይላል። ይህ ከብዙ ሹመት ይበልጣል። የማይስማማ ካለ የሚያደንቀውን ሹም ታሪክ እሱው ይጻፍ።

ብዕር መያዝን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በጎንደር አድባራት ዘንድ የታወቁ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መቃ ቀርጸው ዳዊትና ድጓ የሚጽፉ። ወንድ ልጅ ስላልወለዱ ብራናውን በወስፌ የምታሰምረው፣ መቃውን የምትቀርጸው ወለተሩፋኤል ሆነች። መጀመሪያ ለማገዝ ነበር፤ ቆይቶ ግን መጻፍም ጀመረች። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ የአባቷ ዓይን ሲደክም፣ እሳቸው የጀመሩትን መስመር እሷ ትጨርሰው ነበር። መጽሐፉን ያጻፉት ቀሳውስት የትኛው የአባት፣ የትኛው የልጅ እንደሆነ አይለዩትም። መሪጌታም ለማንም አልተናገሩም። በልባቸው ይኮሩባት ነበር፤ ይህን ኩራታቸውን ግን ከሷም ደበቁት።

የመሪጌታ የሥራ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ከፊትህ ያለውን መጽሐፍ ስትገለብጥ አትጨምር፣ አትቀንስ። አስተያየት ያለው ሰው አስተያየቱን ቤቱ ይተወው ባይ ናቸው። ወለተሩፋኤል ይህን ከእናቷ ወተት ጋር የጠጣችው ያህል ታውቀው ነበር።

ጣሊያን ወጥቶ ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ እሷ በመንግሥት ትምህርት ቤት ተቀጠረች። ጠቡ የመጣው በዚሁ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው የብራናውን ቁም ጽሕፈት አልነበረም። ከፍ ያሉት ክፍሎች እንዲማሩ የታዘዘው የደብዳቤውን እጅ ነው፤ ፊደሉ ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ፣ ብዕሩ ከወረቀቱ ብዙ ሳይነሣ፣ አንዱ ፊደል ሌላውን እየነካ የሚፈስበትን። አንድ ቀን መሪጌታ የልጃቸውን ደብተር አንሥተው አዩ። ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ሊያጽፉ የመጡ ሁለት ቄሶች ተቀምጠዋል።

«ምነው ልጄ፣ እነዚህ ፊደሎች ታመው ነው የተኙት?» አሉ።

«አልታመሙም አባባ፤ እየፈጠኑ ነው።»

«ወዴት ለመድረስ?»

ወለተሩፋኤል ሳቀች። የጎዳት ያ ሳቅ ነው፤ መሪጌታ አልቀለዱም ነበር። ፊደል ቆሞ የሚጸለይበት እንጂ ተጋድሞ የሚታይ አይደለም፣ ይህ የሰነፍ እጅ ነው ብለው በእንግዶቹ ፊት ወረዱባት። እሷም የሳቸው ልጅ ናትና አፏን መያዝ አልቻለችም።

«የሰነፍ እጅ ከሆነ፣ ባለፈው ዓመት የድጓዎን መስመር ግማሹን ማን ጻፈልዎ?» አለች።

ቄሶቹ አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታም በሳምንቱ ብራናቸውንና መቃቸውን ጠቅልለው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ኮሶዬ ወጡ። ሲሄዱ ለጎረቤት የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፤ «ልጄ በዚያ በተጋደመ ፊደሏ የጻፈችውን ወረቀት አልከፍትም።»

አልከፈቱምም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ የላከችው ደብዳቤ እንደታሸገ ተመለሰ። በቁም ጽሕፈት ብትጽፍላቸው ኖሮ ይከፍቱት ነበር፤ ይህን እሷም ታውቀዋለች። እልኋ ግን አላስጻፋትም። አባትና ልጅ የተካከሉት በጽሕፈት ብቻ አልነበረም። ኮሶዬ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም፤ ማኪና ላገኘ ሰው ጧት ተነሥቶ ለምሳ የሚደረስበት ቦታ ነው። እሷ ማታ ማታ ጸሎቷን ስታደርስ መጨረሻ ላይ የምትጨምረው አንድ ልመና ነበራት፤ አባቷ ሳይሞቱ አንድ በዓል ከቤቷ እንዲውሉላት።

በሺ ዘጠኝ መቶ አርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ሲገባ፣ ዲሬክተሩ አቶ ኃይለ ማርያም አንድ ሐሳብ አመጡ። የስድስተኛ ክፍል ልጆች ለልደት በዓል ለወላጆቻቸው ደብዳቤ ይጻፉ፤ ኤንቨሎፑ ላይ አድራሻ ያድርጉ፤ ትምህርት ቤቱ ይላክላቸው። ከአርባ ሦስቱ ልጆች የሚበዙት ከዳባት፣ ከዛሪማ፣ ከሳንጃና ከኮሶዬ መጥተው በከተማው በዘመድ ቤት የተጠጉ ነበሩ። ሐሳቡን ሲሰሙ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ።

ልምምዱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ወለተሩፋኤል ልጆቹን በቀጥታ ወደ ደብዳቤው አልወሰደቻቸውም። መጀመሪያ «ልደት» የሚለውን ቃል ብቻ አንድ ገጽ ሙሉ አጻፈቻቸው፤ ከዚያ «ቤተልሔም»፣ ከዚያ «ብርሃነ ልደቱ»፣ ከዚያ «ሰብአ ሰገል»። ብዕሩ ሲወርድ ጫን፣ ሲወጣ ቀለል። ልጆቹ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ዳር አውጥተው፣ አፍንጫቸውን ቀለም አስነክተው ይጽፉ ነበር። ዳኛው የሚባለው የዛሪማው ልጅ «ሰብአ ሰገል» ጽፎ ሦስቱ ሰዎች የተቀመጡበትን ግመል ጎኑ ላይ ሣለ። ግመሉ በቅሎ ይመስል ነበር። ወለተሩፋኤል ሳቋን አፍና «ሥዕል ሐሙስ ነው» ብላ አለፈችው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የክፍሉ ፊደል ሁሉ ነፋስ እንደነካው ገብስ ወደ አንድ ወገን ዘንበል አለላት፤ ደስታዋም ወሰን አጣ።

ከዚያ የደብዳቤውን ናሙና ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «ይድረስ ለተከበሩ አባቴ» ብላ ጠመኔው ቆመ። ስም ያስፈልጋል። «ለአቶ እገሌ» ማለት ይቻል ነበር። እጇ ግን ሌላ ጻፈ፤

«ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ። ኮሶዬ። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም። ያስቀየምሁዎ እንደሆነ ስለ በዓሉ ብለው ይቅር ይበሉኝ። ቢመጡልኝ ደስታዬ ነው። ልጅዎ ወለተሩፋኤል።»

ጨርሳ ስታየው ፊቷ ጋለ። ለምሳሌ ነው እንጂ ብላ ራሷን አጽናናች። ጥሩው ወረቀትና ኤንቨሎፑ በማግሥቱ ሲመጣ እያንዳንዱ ልጅ የገዛ አባቱንና የገዛ ራሱን ስም እንዲያገባ ልትነግራቸው አሰበች።

በማግሥቱ ግን ወረቀቱ በታደለበት ሰዓት ከክፍሉ ተጠራች። ከአውራጃው የትምህርት ሹም መጥተው የምስክር ወረቀት የሚጽፍ እጅ ይፈለጋል። ወለተሩፋኤል ቸኮለች፤ የክፍሉን አለቃ ይመኙሽን ጠርታ «ሰሌዳው ላይ እንዳለው ይጻፍ። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ሲደርቅ አሽጊና ለዲሬክተሩ ስጪ» ብላት ወጣች።

ይመኙሽ የቄስ ልጅ ናት፤ ዳዊት ደግማ የመጣች፣ ለታዘዘችው ነገር ነፍሷን የምትሰጥ። ክፍሉም በአብዛኛው ከየኔታ እግር ሥር ተነሥቶ የመጣ ነው፤ ግልበጣ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። አርባ ሁለቱ ራሳቸውን ደፍተው ጻፉ። ዳኛው ብቻ እጁን አወጣ።

«የኔ አባት እኮ ሰጠኝ ነው የሚባለው። ያለውም ዛሪማ ነው።»

«አትጨምሩ፣ አትቀንሱ አላሉም እንዴ?»

«አባቴን ቀየራችሁብኝ እኮ!»

«እትዬ ያወቁት ነገር ይኖራል። ጻፍ።»

ዳኛው እያጉረመረመ ጻፈ። «ያስቀየምሁዎ እንደሆነ» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ሆነ ብሎ ዘለለው። ይመኙሽ አላየችውም። ኤንቨሎፖቹ ታሸጉ፤ ዲሬክተሩ በከረጢት አድርገው የጭነት ማኪና ለሚነዳው ለፋንታሁን ሰጡት። ፋንታሁን ወደ ደባርቅ ሲወጣ ኮሶዬ ላይ ቆሞ ከረጢቱን ገለበጠ። ኮሶዬ፣ ኮሶዬ፣ ኮሶዬ። መሪጌታ፣ መሪጌታ፣ መሪጌታ። «እኒህ ሰውዬ የሰው ሀብታም ናቸው ለካ!» አለና ሁሉንም አደረሰላቸው።

ወለተሩፋኤል ይህን የሰማችው በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። የኮሶዬዋ አበቡ ድንች ይዛ ወርዳ ኖሮ ከሩቅ ጠራቻት።

«የኔ እመቤት፣ ሐረገወይን ጽፌልሻለሁ ስትለኝ ከርማ ምነው ደብዳቤው አልደረሰኝ? ቄሱን እንዲያነቡልኝ ለምኜ ተቀምጫለሁ።»

ተማሪዋ ሐረገወይን እናቷ አጠገብ ቆማለች። ወለተሩፋኤል ዞር ብላ «ኤንቨሎፑ ላይ ምን ጻፍሽ?» አለቻት።

«ሰሌዳው ላይ ያለውን።»

«የማንን ስም?»

«የመሪጌታን።»

«መጨረሻው ላይስ?»

«የእርስዎን ነዋ፣ እትዬ።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። ዳኛው አስቸግሮ ነበር፣ ይመኙሽ አቃናችው።»

ወለተሩፋኤል ነጠላዋን እየሰበሰበች ማኪና ወደሚቆምበት ወደ ፒያሳ ሮጠች። ፋንታሁን ጎማ እየመታ ነበር።

«አያ ፋንታሁን፣ የልጆቹ ደብዳቤ…»

«አንድ አልጠፋም እታለም!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ሁሉንም በእጃቸው ሰጠኋቸው። ያንቺ ነው ብለው እንደ ሁልጊዜው መልስ እንዳይሉኝ የተማሪዎች ነው አልኋቸው። አንዱን ከፍተው አነበቡ። ሁለተኛውን ከፈቱ። ሦስተኛውን ሲከፍቱ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም መንገድ አለብኝ፣ ሄድሁ።»

ልደት ያን ዓመት ሐሙስ ዋለ። ከተማው በደስታ ሲያብድ፣ ወጣቱ የገናን ሩር እየመታ በየሜዳው ሲራወጥ፣ ወለተሩፋኤል ቤቷ ተቀምጣ ጣቷን ትነክስ ነበር። አባቷ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? አርባ ሦስት ሕፃን አሰልፋ ቀለደችብኝ ነዋ! ያንን በቄሶቹ ፊት የተናገረችውን ስድብ አሁን በአርባ ሦስት እጅ ደገመችው። በመጨረሻ እልኋን ዋጥ አድርጋ መቃ ቀርጻ ተቀመጠች፤ በዚያ በሚወዱት ቁም ጽሕፈት፣ አንድ በአንድ እያቆመች፣ «አባባ፣ ደብዳቤው በስሕተት የመጣ ነው» ብላ ጻፈች። ጽፋ አነበበችው። ስሕተት ነው ካለች ይቅርታ መጠየቋም ስሕተት ሊሆን ነው። እሱ ግን ስሕተት አልነበረም፤ ከጻፈችው ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ቀደደችው።

ልጆቹ ከበዓል ሲመለሱ ለየገዛ ወላጆቻቸው እንደገና ጻፉ። ዳኛው ለአባቱ ለሰጠኝ ሁለት ገጽ ጻፈ፤ በቅሎ የሚመስለውንም ግመል ጨመረበት።

ጥር ስድስት ቀን፣ ክፍሉ በጽሕፈት ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ጥምጥማቸውን አሣምረው፣ ጋቢ ደርበው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ገቡ። በብብታቸው በጨርቅ የታሰረ ጥቅል ይዘዋል። ወለተሩፋኤል ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ልጆቹ ብድግ አሉ። መሪጌታ ግን አስተማሪዋን አላዩም፤ ዓይናቸው ልጆቹ ላይ ነው።

«ከናንተ ውስጥ ወለተሩፋኤል የትኛዋ ናት?» አሉ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ልጄ አንዲት ነበረች። አሁን አርባ ሦስት ሆና ጽፋልኛለች። እንዲህ መብዛቷን የነገረኝ ሰው የለም።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቁ አመለጠው። ይመኙሽ ወደ ፊት ወጣች። «የኔታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስሙን ለውጡ የሚል ትእዛዝ አልነበረንም። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ ነው የተባልነው።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?»

«እትዬ ናቸው። ሁልጊዜም እንዲህ ይሉናል።»

ሽማግሌው በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ብዙ አዩአት። ከዚያ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ፈቱት፤ አርባ ሦስቱም ደብዳቤ አለ፣ በየኅዳጉ ቀይ ቀለም ነክቶታል።

«አርሜዋለሁ» አሉ። «እርስ በርስ አስተያይቼ፣ ፊደል በፊደል። አርባ ሁለቱ አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አንድ ቃል አላጎደሉም። ዳዊት ሲገለብጥ ይህን ማድረግ ያቃተው ስንት ዲያቆን አውቃለሁ! አንደኛው ግን አንድ ሐረግ ጎድሎታል።»

ዳኛው ከወንበሩ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም። ጓደኞቹ በዓይናቸው ከዱት፤ ተነሣ።

«ምነው ይቅርታውን ዘለልኸው?»

«የኔታ፣ እኔ እርስዎን አላስቀየምሁማ። አባቴንም አላስቀየምሁም። አባቴ ሰጠኝ ነው።»

መሪጌታ ሳቁ። ያ ሳቅ ጥርስ የሌለው፣ ትከሻ የሚነቀንቅ ሳቅ ነበር፤ ወለተሩፋኤል ከሰማችው ስንት ጊዜው! «ሸጋ ልጅ! እውነትህን ነው፤ ያ ሐረግ ያንተ አይደለም» አሉ። ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ። ወደ ልጃቸው ሳይዞሩ «እንግዲያ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

በሩ ክፍት ነው፤ አርባ ሦስት ጥንድ ዓይን ያያታል። በሰው ፊት የነሣቻቸው ክብር በሰው ፊት መመለስ እንዳለበት ገባት።

«የኔ ነው አባባ» አለች። «ለልጆቹ ምሳሌ ነው ብዬ ራሴን አታለልሁ እንጂ ለእርስዎ ነው የጻፍሁት። በእንግዳ ፊት አዋርጄዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

መሪጌታ ሐረገወይን አጠገብ ወዳለው ወንበር ሄደው በዚያ ለልጅ በተሠራ ጠባብ መቀመጫ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። «ደብዳቤ መልስ ይፈልጋል» አሉ። «ወረቀት ስጡኝ። ይኼን የናንተን ብዕርም።»

ሰጧቸው። ጀመሩ። ግን ፊደሉ አልተጋደመም፤ እያንዳንዱ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደግመው ሞከሩ። አሁንም ቆመ። «ምነው እጄ እንቢ አለኝ?» ብለው ተቆጡ።

ሐረገወይን በፍርሃት ጎንበስ ብላ «የኔታ፣ እጅዎን ሳይሆን ወረቀቱን ትንሽ ያዙሩት። እትዬ እንዲህ ነው ያሳዩን» አለቻቸው።

ሽማግሌው ወረቀቱን አዞሩት። ብዕሩን አወረዱት። ፊደሉ ጋደል አለ። ከዚያ ሁለተኛው፤ ሦስተኛውም የሁለተኛውን ጫፍ ነካ። «ኧረ ይሄዳል!» አሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጆቹ ወንበራቸውን ትተው ከበቧቸው። ወለተሩፋኤልም ቀርባ በትከሻቸው በኩል አየች።

ጽሕፈቱ የጀማሪ ነው፤ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ከመስመር ይወጣል። «ይድረስ ለልጄ ለወለተሩፋኤል» ይላል። «እኔ ደኅና ነኝ። የድጓው ግማሽ ያንቺ እጅ እንደሆነ ለኮሶዬ ካህናት ሁሉ ነግሬያለሁ። ያኔ ለሰው ሳልናገር፣ ላንቺም ሸጋ ነው ሳልልሽ የቀረሁት እኔ ነኝና አንቺም ይቅር በዪኝ።»

የወለተሩፋኤል እንባ ፈሰሰ። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና «ልጆች፣ ውጡና ተጫወቱ» አለች። በሕይወቷ ውስጥ ከክፍል ውጡ ብላ ማንም ያልወጣላት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ልትስም ስትል እሳቸው በግራ እጃቸው ገታ አደረጓት።

«ቆይ እንጂ፣ አልጨረስሁም» አሉና ብዕሩን ቀለሙ ውስጥ ነከሩት። ወረቀቱን ደግመው አስተካከሉ፤ እያዘገሙ፣ ፊደሉን አንዱን ባንዱ ላይ እያስደገፉ ጻፉ፤

«ለልደት አልደረስሁልሽም። ጥምቀትን ግን ካንቺ ቤት እውላለሁ።»